ስለ ማንኩሳው ስእለትና ስለሚጥል በሽታ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በመካከሉ ማንኩሳን ያገኛል። መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ይህችን ስፍራ የሚያውቃት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓመተ ምሕረት ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። የታሪኩ ወጣት በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነውና።

መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ያወራል፤ በፊታውራሪ መሸሻም ትዕቢት ይስቃል። እኛ ግን ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልናነሣ የወደድነው ከፍቅሩ አስቀድሞ የተደረገውን ነው። ልጁ በሕፃንነቱ ሲታመም ወላጆቹ ቢተርፍላቸው ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። ልጁም ተረፈ። ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ከፊታውራሪ ቤት በገባ ጊዜ ግን፥ እርሱ በአፉ ያልተሳለው ስእለት ከልቡ ጋር ተጣላ። ኋላም ሰብለ መነኵሴ መስላ ፍለጋውን ተከትላ ብትወጣ ያገኘችው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነበር።

የበዛብህ ሕመም የሚጥል በሽታ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ወላጅ በድንጋጤው ጊዜ የወሰነው ነገር ልጁ ካደገ በኋላ የትዳሩን ደጅ እንደሚዘጋ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም። በአገራችን የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ማንም ሳይሳልባቸው እንደ ተሳለባቸው ሆነው ይቀራሉ። ለጋብቻ ዘር ሲጠየቅ «ከነእገሌ ቤት ባርያ የሚጥለው አለ» ከተባለ ሽማግሌው ተመልሶ አይመጣም፤ የእኅቶቿም ዕድል አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ይሸሽጋል። ልጅቱም ተድራ ከሄደች በኋላ አማቷ እንዳታይባት ብላ መድኃኒቱን ትተወዋለች፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንጀራ ስትጋግር በምድጃው ላይ ትወድቃለች። በአገራችን ገጠር የዚህ ሕመም ትልቁ ጉዳት ከመውደቁ ይልቅ እሳቱ ነው። አረፋው ይተላለፋል ብሎ ሰው ስለሚሸሽ የሚያነሣት ይጠፋል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በወንጌለ ማቴዎስ ምዕራፍ 17 ልጁ በእሳትና በውኃ እየወደቀበት ወደ ጌታ ቀርቦ የተንበረከከውን አባት እናስታውስ። ያ አባት ልጁን ከሕዝብ ፊት አልሸሸገም።

ከውጭ አገር ደግሞ የመስኮቡ ደራሲ ዶስቶየቭስኪ አለ። ይህ ሰው ራሱ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1868 መታተም በጀመረው «ደደቡ» በተባለው ልብ ወለዱም ለታሪኩ ዋና ሰው ለልዑል ሚሽኪን ይህንኑ ሕመም ሰጠው። በ1867 ያገባት አና የተባለች ጸሓፊው ሕመሙን እያወቀች ነበር ያገባችው። በ1878 ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጃቸው አልዮሻ በዚሁ መንቀጥቀጥ ሞተባቸው፤ አባትየውም ቀጥሎ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ የመልካሙን ወጣት ስም አልዮሻ አለው። ባሏ በ1881 ከሞተ በኋላ አና ሌላ ባል ሳታገባ እስከ 1918 ኖረች። ሰብለ ወንጌል በልብ ወለድ ናት፤ ይህች ግን በእውነት የነበረች ሴት ናት።

እነርሱ በነበሩበት ዘመን ብርቱ መድኃኒት አልነበረም። ፌኖባርቢታል ለዚህ በሽታ መርዳቱ የታወቀው በ1912 ነው። ዛሬ በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለውም ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከ100 ሰባው ያህል ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ መርምረው በ1990 ባወጡት ጽሑፍ፥ ከ1000 ሰው በ5ቱ ያህል ላይ በሽታውን አግኝተዋል። እንግዲህ አንድ ትልቅ አጥቢያ ሲቈጠር ያለ እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በወሊድ የደረሰ የአንጎል ጉዳት፥ የራስ መመታት ወይም እንደ ማጅራት ገትር ያለ ሕመም ነው፤ ከዘር የሚመጣም አለ፥ ነገር ግን ወላጁ ስለ ታመመ ብቻ ልጁ ይታመማል ማለት አይደለም።

ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን አጽንቶ ሊመልሰው ይችላልና። ሐኪምን ማክበር ከሃይማኖት መራቅ እንዳይደለ መጽሐፈ ሲራክን ያነበበ ያውቃል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይረዳም። ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፥ በጎኑ ማስተኛት፥ በአፉም ማንኪያም ሆነ ውኃ አለመጨመር ይገባል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

ሽማግሌ የምትልኩም ሆናችሁ የምትቀበሉ ክቡራን አንባቢዎች፥ ነገሩ ከቃል ኪዳን በፊት በግልጽ ይነገር፤ ሙሽራውም የሚስቱን የመድኃኒት ሰዓት ይወቅ። ልጅ ሲያስቡ ደግሞ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፥ ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባለው፥ በማኅፀን ያለውን ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል፥ ሐኪሙ ከእርግዝናው በፊት በሌላ እንዲለውጠው ያስፈልጋል።