የፍትሐ ነገሥቱ ካርዲናል

በአገራችን በቍጥር አነስተኛ የሆንን ካቶሊካውያን፣ ከጎረቤቶቻችን ጋራ በደስታም በለቅሶም ተባብረን ብንኖርም፣ «እምነታችሁ የፈረንጅ ነው» የሚል ቃል አልፎ አልፎ ሳይሰነዘርብን አይቀርም። ይህ ቃል በተነገረ ጊዜ እኔን ከቍጣ ይልቅ ምስጋና የሚቀድመኝ፣ ብፁዕ ካርዲናል አቡነ ጳውሎስ ጻድዋን ስለማስብ ነው።

አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ1921 በኤርትራ ተወልደው፣ በ1944 መዓርገ ክህነት ከተቀበሉ በኋላ፣ ወደ ሚላኖ ተሻግረው በልበ ኢየሱስ ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ። የሮማን ሕግ የጠገበ ካህን የአባቶቹን መጽሐፍ ጊዜ ያለፈበት ነው ብሎ ቢተወው ባላስደነቀ ነበር፤ እርሳቸው ግን ዕውቀታቸውን ይዘው የተመለሱት ወደ ፍትሐ ነገሥት ነው።

ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል-አሳል የተባለ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግእዝ ተመልሶ በአገራችን የካህናቱም የነገሥታቱም ዳኝነት መመሪያ ሆኖ የኖረ መጽሐፍ ነው። ከ51 አንቀጾቹ የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የቀሩት 29 ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ውልና ስለ ወንጀል የመሳሰለውን ሥጋዊ ጕዳይ ይደነግጋሉ። ግእዙ ከዐረብኛ ሲመለስ በብዙ ስፍራ ምሥጢሩ የጠጠረ በመሆኑ፣ ያለ መምህር የሚዘልቀው ጥቂት ነው። ይህን መጽሐፍ ነው አባ ጳውሎስ ከግእዙ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ አማካይነት ለዓለም ያበረከቱት።

እ.ኤ.አ. በ1977 የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳሳት ሆነው ሲሾሙ አብዮቱ ገና ትኵስ ነበር፤ ሃይማኖት በጥርጣሬ በሚታይበት፣ ቆይቶም ረኃብ አገሪቱን ባስጨነቀበት ዘመን መንጋቸውን ሳይለዩ ጠብቀዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ግንቦት 17 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1985) በካርዲናልነት መዓርግ ሲያከብሯቸው፣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ካርዲናል ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1998 መንበራቸውን ለቀው፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) በሮም ዐረፉ።

እኔ ስለ መዓርጋቸው ብቻ አላመሰግናቸውም። ከሮም መንበር ጋራ አንድ መሆንና የግእዝ ልጅ መሆን እርስ በርሳቸው የማይጣሉ መሆናቸውን በስብከት ከመግለጽ ይልቅ በሥራ ስላስመሰከሩልኝ ነው። በግእዝ ስንቀድስ የሰው ቤት ዕቃ ተውሰን እንዳልሆነ፣ ርስቱ የእኛም እንደ ሆነ ያወቅሁት በእርሳቸው ነው፤ ርስት ደግሞ የሚጸናው በይገባኛል ሙግት ሳይሆን አርሶ ፍሬውን ለሌላው በማካፈል መሆኑን ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው።

ዛሬም ግእዝ የማያውቅ የሕግ ተመራማሪ፣ ኦርቶዶክሳዊም ይሁን ሙስሊም ወይም የባሕር ማዶ ሰው፣ የአገራችንን የቀድሞ ሕግ ሊመረምር ሲነሣ የሚመራው የእርሳቸው ትርጕም ነው። ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ ተርጓሚው ካርዲናል እንደ ነበሩ ሳያውቁ ይጠቀሙበት ይሆናል፤ የአገልጋዩን ስም ሳይጠይቅ ለሁሉ የሚደርስ አገልግሎት ግን ለአንድ ካህን ከመዓርግ ሁሉ የሚበልጥ ክብር ይመስለኛል።