ያውቁ ኖሯል? የወንድ ዘር የሚበስለው በመንገድ ላይ ነው

የወንድ ዘር ሕዋስ ከቆለጥ ሲወጣ ወደፊት መዋኘትም ሆነ ከሴቷ እንቁላል ጋር መዋሐድ አይችልም። አዲስ ፕሮቲን መሥራቱንም አቁሟል። ታዲያ የጎደለውን ከየት ያገኛል?

ከቆለጥ ጀርባ ተጠቅልሎ ከሚገኘው፣ ቢዘረጋ 6 ሜትር ገደማ ከሚረዝመው ኤፒዲዲሚስ ከተባለ ቀጭን ቱቦ ነው። የቱቦው ግድግዳ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ፣ በስብ የተሸፈኑ ከረጢቶችን ወደ ፈሳሹ ይለቃል፤ ዘሩም ፕሮቲንና ጥቃቅን አርኤንኤ እንደ ስንቅ ከእነርሱ ይቀበላል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው በአይጦች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ነው፦ የአባት አይጥ ምግብ ፕሮቲን ሲያንሰው ዘሩ የሚይዘው የአርኤንኤ መጠን ተለውጧል፤ ከአርኤንኤው ከፊሉን ያቀበሉትም እነዚሁ ከረጢቶች ናቸው።

የወንድ ዘርም ለመብሰል ይህን ሁሉ ይፈልጋልና፣ ልጅ ሲዘገይ ሚስት ብቻ አትመርመር፤ ባልም አብሮ ይሂድ።