የበረዶ አገሮች ክርክርና የመስፈሪያቸው ነገር

እህል ሻጭ ቍናውን ራሱ ይዞ ወደ ገበያ የመጣ እንደ ሆነ፣ ገዢው አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው እህሉን ሳይሆን ቍናውን ነው። ይህም ነገር በገበያ መካከል ብቻ የሚታይ አይደለም። ታላላቆች አገሮችም ስለ ክብር በሚፎካከሩበት ጊዜ እያንዳንዱ የሚያቀርበው መስፈሪያ ለራሱ የሚመቸውን ነው። ለዚህም ግልጥ ምሳሌ የሚሆነው ስኪ በሚባለው የበረዶ ላይ መንሸራተት የታወቁት ሦስት አውራጃዎች፣ ይኸውም በኤውሮፓ የአልፕስ ተራሮች፣ በአሜሪካ የዩታ ተራሮች፣ በጃፓንም የሆካይዶ ደሴት፣ እያንዳንዳቸው «ከሁሉ የሚበልጥ የእኔ ነው» እያሉ የሚከራከሩት ክርክር ነው።

በአማርኛ በረዶ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በክረምት ከነጐድጓድ ጋራ የሚወርደው ጠጣሩ ፍሬ ነው። ስለ ስኪ ሲነገር ግን የሚታሰበው መጻሕፍት አመዳይ የሚሉት፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ የለሰለሰው ነው። ይህም ቢሆን ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ በግሪክ ቋንቋ ያስቀረጸውን ጽሕፈት ኮስማስ የተባለው መንገደኛ በ6ኛው መቶ ዓመት ገልብጦት ይገኛል፤ በዚያም ውስጥ የስሜን ተራሮች በረዶ የሰውን እግር እስከ ጕልበት የሚያሰጥም እንደ ነበረ ተጽፏል።

ስኪ የሚለው ቃል ከሰሜን ኤውሮፓ ሰዎች ቋንቋ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው የተፈለጠ እንጨት ማለት ነው። ረጅምና ጠባብ ሆኖ አፍንጫው ወደ ላይ የተቈለመመውን ይህን መሣሪያ ሰው ከእግሩ በታች አሥሮ ከተራራ ወደ ቈላ ይንሸራተትበታል። ለዚህም ሥራ የአንድ አገር መልካምነት የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የምድሩ አቀማመጥ፣ ሁለተኛውም የበረዶው ጠባይ ነው። ክርክሩም ሁሉ የሚነሣው ሁለቱ በአንድ ስፍራ ተካክለው የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት በመሆኑ ነው።

በምድር አቀማመጥ የሆነ እንደ ሆነ ከሦስቱ የአልፕስን ተራሮች የሚስተካከላቸው የለም። ሻሞኒ የምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,035 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያም በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ሠረገላ ሰውን 3,842 ሜትር ከፍታ ካለው ኤጕይ ዱ ሚዲ ከሚባለው አለት ያደርሰዋል። ከዚህም ሥር የሚጀምረው ነጭ ሸለቆ የሚባለው መንገድ በበረዶ ግግር ላይ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በስዊስ አገር ያለችው ዜርማትም ማተርሆርን በሚባለው 4,478 ሜትር በሚረዝመው ጫፍ ግርጌ ሆና፣ በኤውሮፓ በጋ ወራት እንኳ በግግሩ ላይ መንሸራተት የሚቻልባት ናት። የመጀመሪያውም የክረምት ኦሊምፒክ በ1924 ዓመተ ምሕረት በኤውሮፓ አቈጣጠር የተደረገው በዚያችው በሻሞኒ ነው፤ ከዚህም በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

ነገር ግን የአልፕስ በረዶ ጠባዩ ተለዋዋጭ ነው። እርጥበቱ አንድ ጊዜ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ አንድ ጊዜም ከሜዲቴራንያን ባሕር ስለሚመጣ፣ የሚወርደው በረዶ አንዳንድ ጊዜ ደረቅ፣ አንዳንድ ጊዜም እርጥብና ከባድ ይሆናል። ፎን የሚባለው ሙቅ ነፋስም ከተራራ ሲወርድ ትናንት የለሰለሰውን ዛሬ ያቀልጠዋል። ደግሞም ከሁሉ የሚበልጠው የመንሸራተቻው ስፍራ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ስለ ሆነ ነፋስ በረዶውን እየጠረገ ያደድረዋል።

ዩታ ይህን ጕድለት አይታ በበረዶዋ ደረቅነት ትመካለች። አልታ በሚባለው ስፍራ በአንድ ዓመት የሚወርደው በረዶ ቢደመር በአማካይ ወደ 13 ሜትር ይደርሳል፤ 100 ሳንቲ ሜትር አዲስ በረዶ የቀለጠ እንደ ሆነም የሚገኘው ውሃ 8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በካሊፎርኒያ በሚገኙት በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ግን 12 ያህል ይሆናል። የዩታም መንግሥት ከ1985 ጀምሮ «በምድር ላይ ከሁሉ የሚበልጥ በረዶ» የሚለውን ቃል በመኪና ሰሌዳ ላይ አስጽፏል። በእንግሊዝኛ በረዶ የሚለውና ትዕይንት የሚለው ቃል በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ስለ ሆነ፣ «በምድር ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ትዕይንት» እያለ ይታወቅ የነበረው የሪንግሊንግ ብራዘርስ ሰርከስ ማኅበር «ቃሌን ወሰደብኝ» ሲል ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት በ1999 ለዩታ ፈረደ። ሆኖም ፍርድ ቤቱ የፈረደው ስለ ቃሉ መብት ነው እንጂ በረዶው ከሁሉ ይበልጣል ብሎ አይደለም።

ስለ በረዶው ራሱ የመረመሩት በዩታ ዩኒቨርሲቲ የአየር ጠባይ መምህር የሆኑት ጂም ስቲንበርግ ናቸው። እርሳቸውም በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጡት፣ የዩታ በረዶ ከዓለም ሁሉ የቀለለ አይደለም፤ ታላቁ የጨው ሐይቅም ብዙዎች እንደሚያወሩለት የበረዶው ዋና ምንጭ ሳይሆን ድርሻው ጥቂት ነው። መልካምነቱ የሚመጣው ከአወራረዱ ሥርዐት ነው። ብዙ ጊዜ አውሎ ነፋሱ ሲጀምር ከበድ ያለው በረዶ ከታች ይነጠፋል፤ ቅዝቃዜው እየበረታ ሲሄድም ቀላሉ በላዩ ያርፋል። ስለዚህ ተንሸራታቹ ከታች የሚሸከመው ጽኑ መሠረት፣ ከላይም የሚንሳፈፍበት ልስላሴ ያገኛል።

ሆካይዶ ደግሞ የምትመካው በብዛቱና በአዘውታሪነቱ ነው። በክረምት ከሳይቤሪያ የሚነሣው ደረቅና ብርቱ ብርድ ሙቅ ፈሳሽ የሚያልፍበትን የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይጠጣል፤ ከደሴቲቱም ተራሮች ጋራ በተጋጠመ ጊዜ የተሸከመውን ሁሉ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። ከዚህም የተነሣ ኒሴኮ በሚባለው ስፍራ በጥር ወር በረዶ የማይወርድበት ቀን ጥቂት ነው። ተራራው ግን አጭር ነው። የኒሴኮ አኑፑሪ ጫፍ ከፍታው 1,308 ሜትር ሲሆን፣ ይህ ከሻሞኒ ከተማ መንገድ የሚበልጠው በ273 ሜትር ብቻ ነው። የአልፕስ ሰው በዚህ ሲሥቅ፣ የሆካይዶ ሰው ደግሞ የጠለቀውን በረዶና ነፋስ የሚከለክለውን የበርች ዛፍ እያሳየ ይመልስለታል።

እንግዲህ አልፕስ በቁመት፣ ዩታ በደረቅነትና በአወራረድ ሥርዐት፣ ሆካይዶም በብዛት ይሰፍራሉ፤ እያንዳንዱም በገዛ ቍናው ሲሰፍር አሸናፊ ነው። ታሪክን ለተመለከተ ሰው ግን ተከራካሪዎቹ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ለጃፓን ወታደሮች በ1911 ስኪን ያስተማሩ የኦስትርያው ሻለቃ ቴዎዶር ፎን ሌርኽ ናቸው። በአልፕስ ተራሮች በአርልበርግ አገር የታወቁት አስተማሪ ሐነስ ሽናይደርም በ1930 ወደ ጃፓን ሄደው አስተምረዋል፤ ናዚዎች በ1938 ካሰሩአቸው በኋላም በ1939 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዚያ ሥራቸውን ቀጥለዋል።

የመስፈሪያው ነገር ግን ከመፎካከር አልፎ ወደ ሐሰት የሚደርስበት ጊዜ አለ። ዚንማንና ዚትዘዊትዝ የተባሉ ሁለት የኤኮኖሚ ሊቃውንት በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙት የስኪ ስፍራዎች ያወጁትን የበረዶ ልክ የመንግሥት የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ከመዘገቡት ጋራ አመሳከሩት። የስፍራዎቹ ባለቤቶች ወረደ የሚሉት በረዶ በቅዳሜና በእሑድ በዝቶ ተገኘ። ሰማይ ሰንበትን ለይቶ በረዶ የሚያበዛ አይደለም፤ በሰንበት የሚበዛው ገንዘብ ይዞ የሚመጣው እንግዳ ነው። ተንሸራታቾች ያዩትን ወዲያውኑ በእጅ ስልክ ለሌላው ማስታወቅ በቻሉ ጊዜ ግን ማጋነኑ ቀነሰ። ሐሰትን የቀነሰው የሌላ ሰው ዓይን መኖሩ ነው።

ደግሞም በየመስፈሪያው የማይጻፍ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አደጋ ነው። ለተንሸራታች ደስታ የሚሰጠው የበረዶ ብዛትና የቍልቍለት ብርታት፣ ናዳንም የሚያመጣው እርሱው ነው። በየካቲት ወር 1999 በኦስትርያ ጋልቱር በምትባለው መንደር የወረደው ናዳ 31 ሰዎች ገደለ። በአልታ በላይ የተከመረው በረዶ ሳይታሰብ እንዳይናድ አስቀድሞ በመድፍ እየተመታ እንዲወርድ ይደረግ የጀመረው ከ1940ዎቹ ዓመታት አንሥቶ ነው። በኒሴኮም አደጋ የሚያሰጋ ሲሆን ወደ ተራራው ጫፍ የሚያስወጡት በሮች ይዘጋሉ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሦስቱ የሚከራከሩበት ነገር ራሱ እየጐደለ መሄዱ ነው። የስዊስ የበረዶ ግግሮች በ2022 እና በ2023 ብቻ ከመጠናቸው መቶኛ አሥር ያህል አጥተዋል። ታላቁ የጨው ሐይቅ በ2022 ከተለካበት ዘመን ሁሉ ዝቅ ካለው ልክ ደረሰ፤ ከደረቀው ወለል የሚነሣውም አቧራ በዩታ በረዶ ላይ ሲያርፍ የፀሐይን ትኩሳት እየሳበ ፈጥኖ ያቀልጠዋል። እንደ ሆካይዶ ባሉት ዝቅተኛ ተራሮችም ሙቀት ጥቂት ከጨመረ በረዶው ዝናም ሊሆን ይችላል። በቦሊቪያ በቻካልታያ ተራራ ከ5,000 ሜትር በላይ ስኪ ይደረግበት የነበረው ግግር በ2009 ፈጽሞ ጠፍቷል። በ2022 በፔኪን የተደረገውም የክረምት ኦሊምፒክ የተከናወነው ከሞላ ጐደል በመሣሪያ በተሠራ በረዶ ነው። በመሣሪያ የሚሠራው በረዶ ግን ውሃና ኀይል ይበላል፤ ብርድ ከሌለም አይሠራም። በእነዚያ ተራሮች ሥር ላሉት መንደሮች ይህ የጨዋታ ጕዳይ ሳይሆን የእንጀራ ጕዳይ ነው።

በዚህ በበረዶ ዓለም ውስጥ የኢትዮጵያም ስም ተጠርቷል። ሮቤል ተክለ ማርያም በ2006 በኢጣልያ በቶሪኖ፣ በ2010ም በካናዳ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች በስኪ ሩጫ ተወዳድረዋል፤ ከኢትዮጵያም በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደሩ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ናቸው። በዚያ ሩጫ ስለ በረዶው መልካምነት የሚያከራክር የለም፤ ለሁሉም አንድ መንገድ፣ አንድ በረዶ፣ አንድ ሰዓት ይሰጣል፤ የሚበልጠውም የሚታወቀው በዚያ ነው።

ፍርድ ስጡ ቢባል፣ ከፍታንና ረጅም ጕዞን ለሚፈልግ አልፕስ፣ ብዛትንና ልስላሴን ለሚፈልግ ሆካይዶ፣ ሁለቱን በመካከለኛ ልክ አስማምቶ ለሚፈልግም ዩታ ይገባዋል ማለት የቀና ፍርድ ይሆናል። «ከሁሉ የሚበልጥ» የሚለው ቃል ግን «በምን ተሰፍሮ?» የሚል ጥያቄ ካልተከተለው ባዶ ነው። ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ከፊቱ የሚቀርብለት ሹምም ሆነ ክርክር ሰምቶ የሚፈርድ ሊቅ፣ ቍጥሩን ከመቀበሉ በፊት ማን እንደ ለካው፣ የት እንደ ለካው፣ ከመብዛቱም ማን እንደሚጠቀም መጠየቅ ይገባዋል። ይህን የጠየቀ ሰው በበረዶም ቢሆን በእህልም ቢሆን አይታለልም።