ትንሿ ዲጂታል ካሜራ፤ ጥቅሟና ጉድለቷ

በወረታ ከተማም ሆነ በፎገራ ሜዳ ለሚኖር ቤተሰብ ፎቶግራፍ በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው መንገድ ውኃ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ጎርፍ ቤት ሲገባ እናት አስቀድማ የምታወጣው ልጆቿን ነው፤ ቀጥሎም ከብቱንና እህሉን። የሠርጉና የክርስትናው አልበም ከሣጥኑ ግርጌ እንዳለ ይቀራል። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ከዲጂታል ካሜራ ጋር የመጣ ነው። ፎቶግራፉ ሳይታጠብ በካርድ ውስጥ ይከርምና ካርዱ የተበላሸ ወይም የጠፋ ዕለት አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህም በዛሬው ዓምዳችን በኪስ ስለምትያዘው ትንሽ ዲጂታል ካሜራ እንነጋገራለን። ስልክ በየእጁ ከገባ ወዲህ ይህች ካሜራ ጊዜዋ ያለፈ ይመስላል። ሆኖም ከውጭ አገር ዘመድ የላካት ወይም ቀደም ብላ የተገዛች ካሜራ በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች። ጠባይዋን ላወቀ ቤተሰብ ዛሬም ታገለግላለች።

የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው በ1968 ዓ.ም በኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሶን ነው። መሣሪያው 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝን ነበር፤ አንዷን ጥቁርና ነጭ ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብም 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በመቀነት ተቋጥራ ገበያ የምትወርደው ካሜራ የዚያች ልጅ ናት።

በቅድሚያ ጥቅሟን እንመልከት። ይህች ካሜራ የባለሙያ እጅ አትፈልግም። ርቀቱንም ሆነ ብርሃኑን ራሷ ስለምትመጥን፣ የአሥር ዓመት ልጅ እንኳ አያቱን ሊያነሣባት ይችላል። በፊልሙ ዘመን አንድ ጥቅል ከ36 ፎቶግራፍ ስለማያልፍ እያንዳንዷ በስስት ትነሣ ነበር። አሁን ግን ሃያ አንሥቶ አንዷን ጥሩ መርጦ ማሳጠብ ይቻላል። ከብዙ ስልኮች የምትሻልበትም ነገር አላት። ሌንሷ ወደ ፊት እየወጣ የራቀውን በእውነት ያቀርባል፤ ፍላሿም ብዙውን ጊዜ ከስልክ መብራት የበረታ ነው።

ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ቁጥር አትታለሉ። በአልበም ለሚገባው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶግራፍ 2 ሚሊዮን ነጥብ ይበቃል። «16 ሚሊዮን» ወይም «20 ሚሊዮን» የሚለው ጽሑፍ የልጅዎን ፊት አያሳምረውም። «ዲጂታል ዙም» የሚባለውም ሥዕሉን ቆርጦ ከማግዘፍ የተለየ ሥራ ስለሌለው፣ የሚጠየቀው በሌንሱ የሚሠራው ዙም ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቷ እንለፍ። የጉድለቷ ሁሉ መነሻ ብርሃን የሚቀበለው አካሏ ማነስ ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ ካሜራዎች ይህ አካል 6 በ4 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ከፊልሙ ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ሠላሳ ጊዜ ያህል ያንሳል። በዚህም ምክንያት ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን ቡና ሲፈላ ያነሡት ፎቶግራፍ ቀለሙ የተበተነ፣ መልኩ የደበዘዘ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ረገድ የአሁኖቹ ጥሩ ስልኮች ይበልጧታል። ፍላሹ ቢበራም የሚደርሰው እስከ ሦስት ወይም አራት ሜትር ብቻ ነው። በሠርግ ዳስ ውስጥ ከኋላ ሆነው ቢያነሡ የሚታየው የፊተኞቹ ጀርባ ነው፤ ሙሽሮቹ በጨለማ ይቀራሉ። ስለዚህ ቀረብ ብለው ያንሡ፤ ቡናውም ቢቻል በቀን፣ በበሩ ብርሃን አጠገብ ይፈላ።

ሁለተኛው ጉድለት በተለይ እኛን ይመለከታል። ካሜራዋ የምታየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ልታመጣ የተሠራች ናት። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች በጥምቀት ፀሐይ ሲቆሙ፣ ወይም ልጆች ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ዳር ሲነሡ፣ ካሜራዋ ብርሃኑ የበዛ መስሏት ታጠቁረዋለች። ነጠላውና ሰማዩ ያምራሉ፤ ፊት ግን ይጠፋል። ይህ የፊታችን ጥፋት አይደለም። በፊልሙ ዘመንም በኮዳክ የማጠቢያ መሣሪያዎች ቀለም የሚስተካከለው ለብዙ ዓመታት በነጭ ሴት ሥዕል መለኪያ ስለነበር የጠቆረ መልክ ሲበደል ኖሯል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰዎቹን ወደ ዛፍ ወይም ወደ በረንዳ ጥላ ያስጠጉ፤ ጥላ ከሌለ በቀንም ቢሆን ፍላሹን በግድ ያብሩት።

ሦስተኛው ጉድለት መዘግየቷ ነው። ቁልፉን ሲጫኑ ካሜራዋ ርቀት እስክትመጥን ሕፃኑ ፊቱን ያዞራል። ይህን ለማሸነፍ ቁልፉን አስቀድመው እስከ ግማሽ ተጭነው ይያዙ፤ ሕፃኑ ሲሥቅ የቀረውን ይጫኑ።

አራተኛው የባትሪ ጉዳይ ነው። በድንጋይ የምትሠራ ካሜራ ካለችዎት ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ የሚሆነው ርካሽ ድንጋይ ጥቂት ፎቶግራፍ አንሥቶ ይደክማል። በኤሌክትሪክ የሚሞላ ድንጋይ መግዛት ውሎ አድሮ ይረክሳል። አምስተኛው አቧራ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሩዝ በሚወቃበት አውድማ አጠገብ ሌንሱ ወጥቶ አይቆይ፤ ገለባና ብናኝ ከገባበት አልወጣም አልገባም ይላል። በክረምትም እርጥበት ሌንሱን ስለሚያሻግተው ካሜራዋን በደረቅ ቦታ ያኑሯት።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው ጉድለት ግን ከካሜራዋ ይልቅ ከእኛ ልማድ የሚመጣ ነው። ማንሣቱ ስለቀለለ ማሳጠቡን ትተነዋል። የእናቶቻችን ሠርግ ፎቶግራፎች ጥቂት ቢሆኑም በግድግዳ ላይ አሉ። የእኛ ልጆች ግን በሺህ ተነሥተው አንድም በእጃቸው የሚይዙት ላይኖራቸው ይችላል። ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች እናት ልጇ መልኳን የሚለምደው በዚያች ወረቀት ነው። ካርድ ለሕፃን ምንም አያሳየውም።

ስለዚህ በየበዓሉ መጨረሻ አምስት ፎቶግራፍ መርጠው ያሳጥቡ። ከሁሉም ሁለት ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከእርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፣ ሌላው ጎርፍ በማይደርስበት ደጋ ለሚኖር ዘመድ ይላክ። ደብረ ታቦር ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ አንድ ፖስታ ለመላክ ሩቅ አይደለም። በጀርባውም ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን በእርሳስ ይጻፉ። ካሜራዋ የምታውቀው የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ፣ ያላወቀ ሰው የልጁን ዕድሜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊያሳስት ይችላል።

ካርድ ላይ ያለ ፎቶግራፍ በስሕተት ቢጠፋ በዚያ ካርድ ላይ ሌላ አያንሡበት፤ ሳይነካ ለሚያውቅ ባለሙያ ቢያሳዩት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካሜራዋ ውኃ ከገባባት አታብሯት። ባትሪውንና ካርዱን አውጥተው በጥላ ለብዙ ቀን ያድርቋቸው። ካሜራዋ ባትድንም ካርዱ ሊተርፍ ይችላል። የራሱና የተጣበቁ የወረቀት ፎቶግራፎችንም በኃይል አይላቅቁ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው ይለያዩዋቸው፤ ከዚያም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው በጥላ ያስጧቸው።

እንግዲህ ቁም ሣጥንዎን ይክፈቱ። በዚያች ካሜራ ካርድ ውስጥ ማን እንዳለ ይመልከቱ፤ ክረምቱ ሳይገባም አምስቱን ያሳጥቡ።