ገድላለች፤ ግን ወንጀለኛ ናትን?

አንድ ሰው መግደሉ መረጋገጡና ወንጀለኛ መሆኑ መረጋገጡ አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ማስረጃ የሚመዘንበት፣ ሕግ የሚጠቀስበት፣ የሰው ልጅ ዕጣ የሚወሰንበት ሰፊ ሜዳ አለ። ይህን ሜዳ ሳያቋርጥ ከ«ገድላለች» ወደ «ትቀጣ» የሚዘል ኅብረተሰብ ፍትሕን ከበቀል መለየት የተሳነው ነው። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ዳይሬክተርነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ለተመልካች የቀረበው «ድፍረት» የተሰኘው የአማርኛ ፊልም ሊመረመር የሚገባውም ከዚህ አኳያ ነው። የፊልሙ ስም ራሱ ሁለት ፍቺ ይዟል፤ ጀግንነትም ድፍረት ይባላል፣ በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸመው ግፍም ድፍረት ይባላል። ክርክሩም የሚያርፈው በእነዚሁ በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ነው።

የፊልሙ ታሪክ መሠረቱ በእውን የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ገጠር አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ጠልፈው ወሰዷት። ሊያገባት የፈለገው ሰው በቤት ዘግቶ ደፈራት። ልጅቷ ጠመንጃውን ይዛ አመለጠች፤ አሳዳጆቿ ሲደርሱባት ተኮሰች፤ ጠላፊውም ሞተ። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት። በፊልሙ ልጅቷ ሂሩት ተብላለች፤ የጠበቃዋ የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ስም ግን እንዳለ ተይዟል። ወይዘሮ መዓዛ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመዋል።

የከሳሽን ወገን ክርክር ሳያዳምጡ መፍረድ ፍርድ አይባልምና በቅድሚያ እርሱን እንመልከት። ከሳሽ እንዲህ ሊል ይችላል። ሰው ሞቷል፤ ገዳይዋም ታውቃለች። መደፈሩ የተፈጸመው ቀደም ብሎ ነው፤ በተኮሰች ጊዜ ከቤቱ ወጥታ ነበር፤ መሣሪያውም በእጇ ነበር። ሟቹ ቢያጠፋ እንኳ ሊጠየቅ የሚገባው በፍርድ ቤት እንጂ በጥይት አይደለም። እያንዳንዱ ተበዳይ በገዛ እጁ የሚፈርድ ከሆነ አገር በምን ይጸናል? ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ደም በደም ሲመለስ ያየ፣ በቂም ምክንያት ቤተሰብ ሲፈርስ የተመለከተ የገጠር ሰው ክብደቱን ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ምን ይላል? በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ሕጋዊ መከላከልን ይቀበላሉ። መመዘኛዎቹም ግልጽ ናቸው። ጥቃቱ ከሕግ ውጪ የሆነና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት።

እነዚህን ሚዛኖች በሂሩት ጉዳይ ላይ እንያቸው። ጥቃቱ አልፎ ነበርን? ጠለፋ በአንድ ቅጽበት ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ ድርጊት አይደለም። የተጠለፈችው ልጅ ነጻነቷን እስክታገኝ ድረስ ጥቃቱ ይቀጥላል። አሳዳጆቿ የመጡት ይቅርታ ሊጠይቋት አልነበረም፤ ወደ አመለጠችበት ቤት ሊመልሷት ነበር እንጂ። ሌላ መንገድስ ነበራትን? በአገራችን «በሕግ አምላክ!» ሲባል ጠበኛ እጁን የሚሰበስብበት ነባር ወግ አለ። ነገር ግን ከበባት የቆሙት ሰዎች ጠለፋውን እንደ ወግ የሚቆጥሩ ሆነው ሳለ ያች ልጅ ሕግን በማን ስም ትጥራ? መመጣጠኑስ? በአንድ ወገን የ14 ዓመት ልጅ ብቻዋን ናት፤ በሌላው ወገን ጎልማሶች በቡድን ናቸው። ለሁለት ዓመት ያህል ከዘለቀ የፍርድ ሂደት በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው በማለት በነጻ አሰናበታት። ፍርዱ የተገባ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። በዚያን ጊዜ ሕጉ ራሱ ለጠላፊው መውጫ ቀዳዳ ትቶለት ነበር። የ1949ኙ ሕግ ለጠለፋ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ እስራት ደንግጎ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባ ክሱ የሚቀርበት በር ከፍቶ ነበር። ይህም ማለት ልጅቷ ዝም ብላ «ሚስት» ብትሆን ኖሮ በዳይዋ ነጻ ይወጣ ነበር፤ እምቢ በማለቷ ግን ተከሳሽ ሆነች። የ1996ቱ ዓ.ም. ሕግ ይህን ለውጦታል፤ የጠለፋ ቅጣት ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን ጋብቻ መፈጸሙም ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም። የሕጉ መለወጥ ያለ ትግል አልተገኘም፤ እንደ ሂሩት ያሉ ጉዳዮች የቀሰቀሱት ክርክርና የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ጥረት ድርሻ ነበረው።

ፊልሙ ሁለት ዳኝነቶችን ጎን ለጎን ያሳየናል። አንደኛው የመንግሥት ፍርድ ቤት ነው፤ ሁለተኛው ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው የሚመክሩበት የመንደር ሸንጎ ነው። ሸንጎው ክፉ ሰዎች የተሰበሰቡበት ተደርጎ አልቀረበም። ደም እንዳይፋሰስ የሚጨነቁ፣ የሟችን ቤተሰብ ኀዘን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን መነሻቸው «ማን ሞተ?» የሚለው ጥያቄ እንጂ «ማን ተጠለፈ?» የሚለው አይደለም። በዚህም የተነሳ ለሰላም ሲባል የምትሰደደው ልጅቷ ትሆናለች። ጥያቄው ሲጓደል ቅን ልብም ፍርድ ያጓድላል።

ይህ ነገር በአርሲ የተፈጸመ ቢሆንም ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለምዕራብ ጎጃም ገጠር ባዳ አይደለም። የጎጃም ሰው አውጫጭኝ ተቀምጦ ወንጀለኛን በጋራ ሲያፈላልግ፣ በሽምግልና ደም ሲያደርቅ የኖረ ነው። ይህ ሀብት ነው፤ ሀብትነቱ የሚጸናው ግን የተበዳይዋም ቃል ሲሰማበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ግማሽ ያህሉ ሴቶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ሁኔታው ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም የልማዱ ቅሪት ገና አልጠፋም። ጠለፋና ያለ ዕድሜ ጋብቻ በስም ቢለያዩም ሥራቸው አንድ ነው፤ በሁለቱም ልጅቷ አትጠየቅም።

ስለዚህ የቀበሌው ነዋሪ፣ የዕድሩ አባልና ሠራተኛው እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥማቸው ሦስት ነገሮችን ማሰብ ይኖርባቸዋል። አንደኛ፣ ጠለፋና መደፈር በሽምግልና የሚያልቁ የቤተሰብ ጠቦች አይደሉም፤ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት የሚቀርቡ ወንጀሎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ዕድሜ በግምት የሚወሰንበት ዘመን እንዲያበቃ ልደትን ማስመዝገብ ይገባል፤ አገር አቀፉ ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሦስተኛ፣ በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ማንም ተከሳሽ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብቱን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 አረጋግጦለታል፤ ይህ መብት ለሂሩትም ለጠላፊዋም እኩል የቆመ ነው።

በሂሩት ነጻ መውጣት ለበቀል ፈቃድ የተሰጠ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። ፍርዱ ያለው «የተበደለ ይግደል» አይደለም። ፍርዱ ያለው ሕግና ጎረቤት ጥለዋት ብቻዋን የቀረች ልጅ ራሷን ለማዳን ባደረገችው ወንጀለኛ አትባልም ነው። እንግዲህ የሁላችንም ተግባር የትኛዋም ልጅ ዳግመኛ እንዲያ ብቻዋን እንዳትቀር ማድረግ ነው። በመንገድ ላይ የምትጮህ ልጅን ድምፅ ሰምቶ የሚደርስ ጎረቤት ቢኖር ኖሮ ጠመንጃም፣ ሬሳም፣ ክስም ባልኖረ ነበር።