ጅብ ከማን ወገን ነው

ሊቃውንት ሥጋ በል አጥቢዎች ብለው በአንድ መደብ የሰበሰቧቸው አራዊት መለያቸው ምግባቸው ሳይሆን ጥርሳቸው ነው፤ ይኸውም የላይና የታች ጉንጭ ጥርሶቻቸው እንደ መቀስ ተላልፈው ሥጋ መቍረጣቸው ነው። መደቡም በሁለት ዐበይት ነገዶች ይከፈላል፤ በአንደኛው ውሻ፥ ቀበሮ፥ ድብና አቆስጣ፥ በሁለተኛው ድመት፥ አንበሳ፥ ነብር፥ አነርና ጥርኝ ይቈጠራሉ።

ጅብስ? በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ገጠር የጠየቅኋቸው ሁሉ ያለ ማመንታት ከውሻ ያዛምዱታል። መልኩና በመንጋ መሄዱ ያሳስታልና አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን የራስ ቅሉን የመረመሩ፥ ኋላም ዘሩን ያነጻጸሩ ዐዋቂዎች ከድመት ነገድ መሆኑን አረጋግጠዋል። ቤተሰቡ አራት ዓይነት ብቻ ሲሆን፥ አንደኛው ምስጥ እየላሰ የሚኖር ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጅብ ፍናፍንት ነው የሚለው ተረት ነው። አርስጣጣሊስ ካስተባበለው 2300 ዓመት ቢያልፍም፥ የተማረ ሰው ሳይቀር ሲደግመው ሰምቼ ተናድጃለሁ። እርግጥ ሌሊት በደጋችን የምንሰማው የዥንጕርጕሩ ጅብ እንስት አባለ ዘሯ የወንዱን ስለሚመስል በቀን ብርሃን እንኳ ለመለየት ታስቸግራለች፤ ሆኖም ወላድ እናት ናት። በአካል ከወንዱ ትበልጣለች፥ መንጋውንም ትገዛለች፤ ማዕርጓን ግልገሎቿ ይወርሳሉ፥ ወንዶቹ ግን ሲጐለምሱ ወደ ባዕድ መንጋ ተሰደው ከሁሉ በታች ሆነው ይጀምራሉ።

ለዚህ አውሬ ያለኝን አድናቆት ያጸናው ግን የዐቢይ ጾም ነገር ነው። ምእመናን 55 ቀን ከሥጋ ሲከለከሉ፥ ከየጓሮው የሚጣለው አጥንትና የሆድ ዕቃ ይቋረጣል፤ ጅብ በዚያ ወራት ምን ይበላል ብለው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ ዓይነ ምድሩን ሰብስበው ፀጕሩን በመለየት መረመሩ። በ2004 ዓ.ም. በታተመው ጥናታቸው፥ የአህያ ፀጕር ድርሻ ከጾሙ በፊት ከመቶ 14.8 የነበረው በጾሙ ወራት 33.1 ሆነ። እንዲህ ሲሆን በየመንደሩ የሚረገመው ጅብ ብቻ ነው፤ ቀን ሙሉ እህል ያሸከመውን አህያ ማታ ወደ በረት ማስገባት ታክቶት ሜዳ ላይ ያሳደረው ባለቤት ስሙ አይነሣም። ጾሙ ተፈትቶ በየቤቱ በግና በሬ መታረድ ሲጀምር፥ የአህያው ድርሻ ወደ 22.2 ወረደ።