አየር ከቤንዚን እንዳይቀድም፤ የባለ ቱርቦ አውቶሞቢል የነዳጅ ዕቃዎችና የነጋዴው ኃላፊነት

እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካው ኦልድስሞቢል ፋብሪካ «ጄትፋየር» የተባለውን አውቶሞቢል ለገበያ ባወጣ ጊዜ፥ ለሕዝብ በሚሸጡ መኪናዎች ላይ ከዚያ ቀደም ያልተለመደ መሣሪያ ይዞ ቀረበ። መሣሪያው ቱርቦ ይባላል። ሐሳቡን የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ካስመዘገበ ወዲህ፥ በመርከብና በአውሮፕላን ሞተሮች ላይ ሲሠራበት የቆየ ነበር። የጄትፋየር ሞተር መጠኑ 3.5 ሊትር ብቻ ሲሆን 215 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ይህም ለዘመኑ የሚያስደንቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን ኃይል አንድ ግዴታ ይከተለው ነበር። ቱርቦው አየሩን ሲያምቀው ሞተሩ በሙቀት እንዳይጎዳ፥ ፋብሪካው ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበትን ፈሳሽ በልዩ ዕቃ አድርጎ ከቤንዚኑ ጋር እንዲረጭ አደረገ። ፈሳሹ ባለቀ ጊዜ መሙላት የባለቤቱ ፈንታ ነበር። ብዙዎቹ ገዢዎች ግን ይህን ዘነጉ። ዕቃው ባዶ በሆነ ጊዜ የቱርቦውን ግፊት የሚቀንስ መከላከያ ስለ ነበረ፥ ሞተሩ ከጥፋት ቢድንም መኪናው ጉልበቱን አጣ፤ ቅሬታም በዛ። ጄትፋየር በ2 ዓመት ውስጥ 10 ሺህ እንኳ ሳይሞላ ሥራው ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1965ም ኩባንያው ቱርቦውን አንሥቶ በተለመደው ካርቡሬተር ለመተካት ለባለቤቶቹ አስታወቀ።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዕቃው የወደቀው ኃይል ስላነሰው አልነበረም፤ ከኃይሉ ጋር አብሮ መሄድ የሚገባው ነገር ከገዢው ዘንድ በሚገባ ስላልደረሰ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ ዛሬም የመኪናውን ጉልበት ለመጨመር ትልቅ ቱርቦ የሚፈልግ ደንበኛ፥ ቤንዚኑ ከየት እንደሚመጣለት ሳያስብ ወደ መለዋወጫ መደብር ይገባል። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የተባለው ተረት ለእርሱ ይስማማዋል። ገደሉን ሊያሳየው የሚችለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚሸጥለት ነጋዴ ነው።

የአየርና የቤንዚን ሚዛን

ነገሩን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያሻም። 1 ኪሎ ቤንዚን አየርም ቤንዚንም ሳይተርፍ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ባለ ቱርቦ ሞተር በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ጊዜ ግን ለ1 ኪሎ ቤንዚን የሚደርሰው አየር ወደ 12 ወይም 11.5 ኪሎ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ትርፉ ቤንዚን በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ስለሚወስድ የሲሊንደሩን ውስጥ ያቀዘቅዛል። ቱርቦ የሚሠራው ሥራ፥ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር ማብዛት ነው። ስለዚህ አየሩ ከመቶ 30 እጅ ቢጨምር፥ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መጨመር አለበት።

አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ባለበት የቀረ እንደ ሆነ፥ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል። ካንዴላው ያቀጣጠለው እሳት ገና ሳይደርስበት የቀረው ድብልቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፤ ሞተሩም ያንኳኳል። ይህ ማንኳኳት በከባድ ጭነት ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ቢቆይ ፒስቶን ሊሰብር ወይም ሊያቀልጥ ይችላል። ጄትፋየር ፈሳሹ ሲያልቅ ግፊቱን የሚቀንስ ዘብ ነበረው፤ በጋራዥ ቱርቦ የተለወጠለት መኪና ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዘብ የለውም።

አንድ ስም፥ ሁለት ዕቃ

የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2002 የሠራው ሱፕራ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። 2ጄዜድ-ጂቲኢ የተባለው ሞተሩ 3 ሊትር፥ 6 ሲሊንደርና 2 ቱርቦ ያለው ነው። ጉልበት ለመጨመር በሚፈልጉ ሰዎች ዘንድ ከፍ ያለ ስም ስላለው፥ መለዋወጫው በዓለም ገበያ እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠራው ሞተር አንድ ዓይነት አይደለም። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 280 የፈረስ ጉልበት ሲባል፥ ለአሜሪካ የተላከው 320 ነበር። ቤንዚኑን የሚረጩት ኢንጄክተሮችም ይለያያሉ፤ የጃፓኑ በደቂቃ 440 ሲሲ፥ የአሜሪካው 550 ሲሲ ያፈስሳሉ። ስለዚህ ነጋዴው «የሱፕራ ኢንጄክተር» ብሎ ብቻ ያዘዘ እንደ ሆነ ያልጠበቀው ዕቃ ሊደርሰው ይችላል። የሞተሩን የሥራ ቁጥርና መኪናው ለየትኛው አገር እንደ ተሠራ በትእዛዙ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልገውን መጠን ለማወቅ አጭር ሒሳብ ይበቃል። ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይሉ ለ1 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ያህል ቤንዚን ይፈጃል። 400 የፈረስ ጉልበት ለማግኘት በሰዓት 108 ኪሎ፥ ማለት ወደ 146 ሊትር ያስፈልጋል። ይህ ለ6 ኢንጄክተሮች ሲከፈል ለእያንዳንዱ በደቂቃ 405 ሲሲ ይደርሰዋል። ኢንጄክተር ግን ያለ ዕረፍት ተከፍቶ መሥራት ስለሌለበት፥ ከአቅሙ ከመቶ 80 እጅ ብቻ እንዲሠራ ቢታሰብ፥ መጠኑ ወደ 510 ሲሲ ይወጣል። እንግዲህ 440 የሚለው ዕቃ ለዚህ ጉልበት ያንሳል፤ 550 የሚለው ይበቃል። ደንበኛው 600 የፈረስ ጉልበት ከፈለገ ግን ሁለቱም አይሆኑትም፤ በዚያው ሒሳብ ወደ 760 ሲሲ ያህል ያስፈልገዋል።

ኢንጄክተሩ በተለወጠ ጊዜ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒዩተርም በአዲሱ ልክ እንዲስተካከል ግድ ነው። ሳይስተካከል የቀረ እንደ ሆነ ትልቁ ኢንጄክተር ቤንዚኑን ከመጠን በላይ ያፈስሳል፤ የተረፈው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን እያጠበ ወደ ታች ይወርድና የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል። ስለዚህ ትልቅ ኢንጄክተር ብቻውን መሸጥም ሌላ ጥፋት ያመጣል።

ፓምፑ፥ መቆጣጠሪያውና ሽቦው

ኢንጄክተሩ ትልቅ ቢሆንም፥ ቤንዚኑን ከማጠራቀሚያው የሚገፋው ፓምፕ ካልደረሰበት ከንቱ ነው። ከላይ ለተጠቀሰው 600 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 220 ሊትር ያህል ቤንዚን ያስፈልጋል። በማሸጊያው ላይ «255 ሊትር በሰዓት» የተጻፈበት ፓምፕ የሚበቃ ይመስላል። ዳሩ ግን ይህ ቁጥር በአንድ በተወሰነ ግፊት የተለካ ነው። የቤንዚኑ መደበኛ ግፊት 3 ባር ሲሆን ቱርቦው 1.5 ባር ቢጨምር፥ ፓምፑ ቤንዚኑን በ4.5 ባር መግፋት ይኖርበታል፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥርም የሚያፈስሰው መጠን ይቀንሳል። ዐዋቂ ነጋዴ ከማሸጊያው ቁጥር ይልቅ፥ ፓምፑ በየግፊቱ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የሚያሳየውን የፋብሪካ ሰንጠረዥ ይጠይቃል።

የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያውም የቱርቦውን ግፊት እኩል እየተከተለ ከፍ የሚል መሆን ይገባዋል። ይህ ካልሆነ ኢንጄክተሩ በሚከፈትበት ጊዜ ከፊቱ የሚመጣው የታመቀ አየር ቤንዚኑን ይመክተዋል። ኢንጄክተሩን ሳይለውጡ ግፊቱን ብቻ ከፍ በማድረግ ለመገላገል የሚሞክሩ አሉ፤ ትርፉ ግን ትንሽ ነው። ግፊቱ ከ3 ወደ 6 ባር እጥፍ ቢሆን፥ የሚፈስሰው ቤንዚን የሚጨምረው ከመቶ 41 እጅ ብቻ ነው፤ ፓምፑና ቱቦዎቹም ይጨነቃሉ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ሽቦው ነው። ትልቅ ፓምፕ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። በቀጭኑ የቀድሞ ሽቦ ላይ ከተገጠመ፥ ፓምፑ ዘንድ የሚደርሰው ቮልት ይወርዳል፤ ፓምፑም ደክሞ ይሠራል። ጥቂት ሜትር ወፈር ያለ ሽቦና አንድ ሬሌ ከጠቅላላው ዋጋ ጋር ሲተያዩ ኢምንት ናቸው፤ ነገር ግን ባለመኖራቸው ሞተር ሊጠፋ ይችላል። ፊልትሮውና ቱቦውም እንደዚሁ ከአዲሱ መጠን ጋር መመጣጠን አለባቸው።

በቱቦ ረገድ የነዳጁ ዓይነት ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ ከመቶ 5 እጅ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ እንደ ነበረ ይታወሳል። በውጭ አገር ለውድድር መኪናዎች የሚሸጠው ከመቶ 85 እጅ ኢታኖል ያለበት ነዳጅ ግን ለኢታኖል ያልተሠራውን ጎማና ፓምፕ ይጎዳል። ከዚህም በላይ መጠኑ ከቤንዚን በ3ኛ እጅ ወይም ከዚያ ከፍ ባለ መጠን ስለሚጨምር፥ 220 ሊትር የነበረው ፍላጎት ወደ 300 ሊትር ይደርሳል። ይህን ነዳጅ የሚጠቀም ደንበኛ ዕቃው ሁሉ በዚሁ ሒሳብ እንዲመረጥለት ያስፈልጋል።

በደጋ አገር

ጉዳዩ በእኛም አገር የራሱ መልክ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 3/4ኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ምክንያት ከጉልበቱ ብዙ ያጣል፤ ቱርቦ ያለው ግን ጉድለቱን ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ የደጋ ሰው ቱርቦን ቢወድ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቱርቦው ያንኑ የአየር መጠን ለማስገባት ይበልጥ መሽከርከር ስላለበት፥ የሚወጣው አየር ይበልጥ ይሞቃል። በዱባይ ወይም በሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ የተስተካከለ መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ እንደ ገና መመርመር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ማስታወቁ የሚዘነጋ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአገር ውስጥ ያሉት ሞተሮች ዘመናቸው እንዲረዝም መጠበቅ ይገባል። በአንድ የተሳሳተ ፓምፕ የጠፋ ሞተር ለባለቤቱ ከባድ ኪሳራ ነው፤ ዕቃውን ለሸጠው መደብርም የስም ጉድለት ይሆናል።

የነጋዴው ድርሻ

እንግዲህ አስመጪም ሆነ ቸርቻሪ ከመሸጡ በፊት ደንበኛውን ጥቂት ነገሮች መጠየቅ ይገባዋል፤ ይኸውም የሞተሩ የሥራ ቁጥር ምንድን ነው? መኪናው የተሠራው ለየትኛው አገር ገበያ ነው? ስንት የፈረስ ጉልበት ይፈለጋል? የቱርቦው ግፊት ስንት ባር ይሆናል? ነዳጁ ምን ዓይነት ነው? ኮምፒዩተሩን የሚያስተካክለው ማን ነው? ደንበኛው ለእነዚህ መልስ ከሌለው፥ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ከመካኒኩ ጋር እንዲመጣ መምከር የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ሐሰተኛ ዕቃ ነው። በሰዓት 255 ሊትር የሚባለው ፓምፕ በዓለም ገበያ እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ፥ የታወቀ ፋብሪካ ምልክት የተለጠፈባቸው አስመሳይ ፓምፖች በብዛት ይሸጣሉ። በመልክ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ዋጋቸው ከልክ በላይ ዝቅ ማለቱ ግን የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። አስመጪው ከፋብሪካው ወይም ፋብሪካው ካወቀው ወኪል መግዛት፥ ደረሰኙንም መጠበቅ አለበት። ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ፓምፕ አውጥቶ በመለኪያ ዕቃና በግፊት ማሳያ ማስፈተን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መልካም ልማድ ነው።

ሦስተኛው፥ ዕቃዎቹን በየፊናቸው ከመሸጥ ይልቅ አንድ ላይ ማቅረብ ነው። ቱርቦ፥ ኢንጄክተር፥ ፓምፕ፥ ግፊት መቆጣጠሪያ፥ ፊልትሮ፥ ቱቦ፥ ሽቦና ሬሌ ለአንድ ጉልበት ተመጥነው በአንድ ዝርዝር ቢቀርቡ፥ ገዢው ከስሕተት ይድናል፤ መደብሩም በአንድ ዕቃ ፈንታ ስምንት ይሸጣል። ደንበኛው ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃው እንደ ሆነ፥ የነዳጁን ዕቃዎች አስቀድሞ ቱርቦውን ለኋላ እንዲያቆይ ይነገረው። የነዳጁ ዕቃ በሚገባ ተስተካክሎ ቱርቦው ቢዘገይ ሞተሩ አይጎዳም፤ ቱርቦው ቀድሞ ነዳጁ የዘገየ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ ይጠፋል።